ካርታን በድምፅ ማዘዝ፣ የአምስት ወር ሙከራዬ ከሾፌር ወንበር

ሰላም ነው ሾፌሮች፣ ሌሎቻችሁም። ዛሬ ማፕን በጣት ሳይሆን በድምፅ ስለማዘዝ ነው የምጽፈው፣ አምስት ወር ሙሉ በየቀኑ ስሰራበት ቆይቼ አሁን የሚሰራውንም የማይሰራውንም ለይቻለሁ ብዬ ስለማስብ ነው። የጀመርኩበት ምክንያት ቀላል አልነበረም። ነሐሴ ላይ ጎሮ አካባቢ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ጥሪ ተቀብዬ የደንበኛዋን ሰፈር ስም ስጽፍ የአስር አመት የሚሆን ልጅ ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ወጥቶ መንገድ ገባ፣ ፍሬን ይዤ ቀና ስል በልጁና በቪትዟ መሀል አንድ ክንድ የሚሞላ ቦታ አልነበረም። ልጁ ሮጦ ሄደ፣ እኔ ግን ዳር ይዤ ቆሜ ሀያ ደቂቃ መንዳት አልቻልኩም፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናው እየሄደ ስልክ በጣቴ አልነካም አልኩ፣ ካስፈለገ በድምፅ አዝዛለሁ ካልሆነ ቆሜ እጽፋለሁ።

የሞከርኩት ሁለት ስልክ ላይ ነው፣ ሶስት አይነት የድምፅ ረዳትና ሁለት ማፕ ቀያይሬ። ብራንድ እየጠራሁ ይሄ ይሻላል ያ ይብሳል አልልም ምክንያቱም ያየሁት ችግር ሁሉም ጋ አንድ አይነት ነው፣ ደህና የሚሰሩትም ነገር እንደዛው። ማይኩ በብሉቱዝ ጆሮ ላይ የሚሰካ ርካሽ ነው፣ መስኮት ከተዘጋ ይበቃል፣ መስኮት ከፍቼ ሰልፍ ያለበት ቦታ ላይ ስሆን ግን የጎን መኪና ጥሩንባ ሁሉ ይገባበታል።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልቀጥል። እኔ መንጃ ፈቃድ ከማውጣቴ በፊት አራት አመት ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበርኩ፣ መገናኛ ቦሌ። ረዳት ማለት ለኔ ተሳፋሪው ግማሹን ሲናገር ሌላውን የሚሞላ ሰው ነው፣ እማማ ገብተው "ያቺ ድልድይ ጋ ታወርደኛለህ" ሲሉ የቷን ድልድይ እንደሆነ የሚያውቅ። ስለዚህ የድምፅ ረዳት ሲሉኝ መጀመሪያ ያነፃፀርኩት ከዚያ ጋር ነው፣ ከፍ ያለ መስፈርት ነው ልትሉ ትችላላችሁ ግን ስሙን የሰጡት እነሱ ናቸው።

በእንግሊዝኛ ካዘዛችሁት ሳልዋሽ እላችኋለሁ ጎበዝ ነው። ቤቴ ውሰደኝ ስለው ይወስደኛል፣ ድምፅህን አጥፋ ስለው ያጠፋል፣ ስንት ደቂቃ ቀረኝ ስለው ይነግረኛል፣ መንገዴ ላይ ያለ ማደያ ፈልግ ስለው ከኋላዬ ያለውን ትቶ ከፊቴ ያለውን ብቻ ያመጣል፣ ይሄኛው በጣም የወደድኩት ነው ምክንያቱም በእጅ ስፈልግ ሁሌ ያለፍኩትን ማደያ ነበር የሚያሳየኝ። ወደ አዳማ ጉዞ ሳገኝ ደግሞ ክፍያ ያለበትን መንገድ ተው ካልኩት በፈጣን መንገዱ ፈንታ በዱከም በቢሾፍቱ በአሮጌው መንገድ አድርጎ ያሰላልኛል፣ ልዩነቱንም በደቂቃ ይነግረኛል፣ ተሳፋሪው ራሱ ይመርጣል። ማደያው ላይ ስንት መኪና እንደተሰለፈ ግን አያውቅም፣ እሱን አሁንም የምናውቀው ተደዋውለን ነው።

ችግሩ የሚጀምረው የቦታ ስም ላይ ስንደርስ ነው። በእንግሊዝኛ እያወራሁት መሀል ላይ ቦሌ ስል የእንግሊዝኛ ጆሮ ስላለው ኳስ ወይ ጎድጓዳ ሳህን ነው የሚሰማው። ቋንቋውን ወደ አማርኛ ስቀይረው ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ሃያ ሁለት ውሰደኝ አልኩት፣ ስክሪኑ ላይ በቁጥር 22 ብሎ ጻፈና 22 የሚል ቁጥር ያለበትን ሁሉ ዘረዘረልኝ፣ ሆቴል ክፍል ይሁን ህንጻ ቁጥር አላውቅም። አራት ኪሎ ስለው 4 ኪሎ ብሎ ክብደት አደረገው። ጀሞ ሶስት፣ አርባ ዘጠኝ፣ ሰባ ሁለት፣ እስቲ አስቡት በከተማችን ስንት ሰፈር ነው ስሙ ቁጥር የሆነው! እኛ ሃያ ሁለት ስንል ማንም አይቆጥርም እኮ፣ ስም ነው።

ለፍትህ ያህል የአማርኛ ጆሮው ከየት እንደመጣ ማወቅም ጥሩ ነው። ጉግል የድምፅ መጻፊያውን ለአማርኛ የከፈተው በፈረንጆች 2017 ነሐሴ ላይ ነው፣ ያኔ ከተጨመሩት 30 ቋንቋዎች ከአፍሪካ እኛና ስዋሂሊ ነበርን። በሚቀጥለው አመት 2018 ደግሞ ማፑ ራሱ በአማርኛ መጣ፣ ከ39 አዲስ ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ። ስለዚህ ይሄ ነገር ገና ወጣት ነው፣ በተራ አረፍተ ነገር ላይ ሲጽፍልኝ ደግሞ በጣም ይገርመኛል፣ ለሚስቴ "ዛሬ አመሻለሁ እራት አትጠብቂኝ" ብዬ ስናገር ያለ ስህተት ጽፎልኛል፣ አንድ ፊደል አልሳተም።

ታዲያ መልእክት ላይ እንዲህ የጎበዘ ቦታ ላይ ለምን ይወድቃል? ይሄን ለማወቅ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል። ነገሩ አንድ ስራ ሳይሆን አራት ስራ ተቀጣጥሎ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ድምፄን ወደ ጽሁፍ ይቀይራል፣ ከዚያ ጽሁፉን ይዞ ካርታው ውስጥ በዚያ ስም የተመዘገበ ነጥብ ይፈልጋል፣ ከዚያ እስከ ነጥቡ ያለውን መንገድ ያሰላል፣ መጨረሻ ላይ መልሱን ወደ ድምፅ ቀይሮ ይነግረኛል። እኛ የምንናደደው አልሰማኝም ብለን ነው፣ እኔም ያው እንደዛ ነበር የምለው፣ ግን ስክሪኑን ቆሜ ማየት ስጀምር ብዙ ጊዜ በትክክል ሰምቶኛል። የሚወድቀው ሁለተኛው ስራ ላይ ነው። ካርታው ውስጥ ቦታው የለም፣ ወይም አለ ግን በላቲን ፊደል ብቻ ነው የተጻፈው፣ እሱም አንዱ በአንድ ኤን ሌላው በሁለት ኤን፣ መገናኛን ብቻ አራት አይነት ተጽፎ አይቻለሁ። በአማርኛ የተጻፈውም ቢሆን አንዱ በሀሌታው ሀ ሌላው በሐመሩ ሐ፣ አንዱ በእሳቱ ሰ ሌላው በንጉሡ ሠ፣ ለኛ ጆሮ አንድ ነው፣ ለማሽኑ ግን ካልነገሩት በስተቀር የተለያየ ፊደል ነው። ጸሐይና ፀሀይ ለሱ ሁለት ሰው ናቸው።

ስሙ ሲመሳሰል ደግሞ የባሰ ነው። ጥቅምት ላይ አንዲት እናት ከሳሪስ ጭኜ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸው፣ ገብርኤል አካባቢ ነው አሉኝ፣ እኔም ስልኩን ገብርኤል አልኩት። መንገዱን አሰላና ስምንት ሰአት ምናምን ይፈጃል አለ። ሳየው ቁልቢ ገብርኤል ነው፣ ድሬዳዋ አጠገብ ያለው፣ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎሜትር በላይ! አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ገብርኤል እያለ ለምን ያን ያህል ራቀ ብትሉ፣ ስሙ በደንብ የተመዘገበውና ብዙ ሰው የሚፈልገው እሱ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ታህሳስና ሐምሌ 19 ሀገር ምድሩ ነው የሚሄደው። እናትየው ቀጠሯቸው እንዳያልፍ ተጨንቀው ነበር፣ እኔም ዳር ይዤ ልጃቸው ጋ ደውዬ ነው ያገኘሁት፣ አስር ደቂቃ ጠፋብን። ሰው ቢሆን ኖሮ "የትኛው ገብርኤል?" ብሎ ይጠይቅ ነበር፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር። ይሄን ጥያቄ መጠየቅ የማይችል ረዳት ለታማሚ ጉዞ አላምነውም።

ሲናገር ደግሞ ስሞቻችንን ያበላሻል። ቄራን ኬራ፣ ጣፎን ታፎ፣ ጨርቆስን ቸርቆስ፣ አየር ጤናን ኤየር ቲና ነው የሚለው፣ ምክንያቱም የተጻፈለት በላቲን ነው፣ እዛ ላይ ቀና ከ ጠና ተ ጨና ቸ አይለዩም፣ ድምፁም የእንግሊዝኛ ነው። ጎዳናዎቹንም በመዝገብ ስማቸው ይጠራቸዋል፣ አፍሪካ አቬኑ ይላል፣ ቦሌ መንገድ ማለቱ ነው። ኢትዮ ቻይና ወዳጅነት ይላል፣ ከወሎ ሰፈር ጎተራ ያለው ነው። ስማቸው ትክክል ነው አልክድም፣ ግን ሶስት መቶ ሜትር ቀርቶኝ ልታጠፍ ስል የማላውቀውን ስም ሲጠራ ቀና ብዬ ታፔላ መፈለግ አለብኝ፣ ያኔ አይኔን መንገድ ላይ አቆያለሁ ያልኩት ነገር የት ሄደ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው። አንድ ማታ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ጥሪ መጣልኝ፣ ፒኑ፣ ማለት ካርታው ላይ ቦታውን የሚያሳየው ምልክት፣ ገደል ውስጥ ነው የተቀመጠው። ደወልኩ፣ አንድ እናት አነሱ። "ልጄ ካርታውን ተወውና እኔን ስማኝ፣ ከአቦ ከፍ በል፣ ቀኝህን ይዘህ ገባ በል፣ የድሮው ወፍጮ ቤት ጋ ስትደርስ ትንሽ ዝቅ በል፣ አረንጓዴ በር ነው።" እሺ እማማ መጣሁ አልኳቸው። በአምስት ደቂቃ በራቸው ላይ ነበርኩ፣ በማላውቀው ሰፈር፣ በጨለማ። ካደረስኳቸው በኋላ ቆሜ ያሉኝን ቃል በቃል ለስልኩ ደገምኩለት፣ በአማርኛ። በትክክል ጻፈው፣ ሁሉንም ቃል! ከዚያ የሆነ ወፍጮ ቤት ፈልጎ ሌላ ከተማ ያለ አመጣልኝ።

ከፍ በል፣ ዝቅ በል፣ ገባ በል፣ አለፍ በል፣ ከጀርባው፣ ፊት ለፊቱ፣ ጎን ለጎኑ። እኛ መንገድ የምንነግረው በዚህ ነው። ግራና ቀኝ ሁለተኛ ነው፣ ሰሜን ደቡብ ጭራሽ አንልም። ከፍ በል ማለት ደግሞ ዝም ብሎ ወደፊት ማለት አይደለም፣ ዳገቱን ውጣ ማለት ነው። እንጦጦ አናቱ ከባህር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ወደ 2,100 ገደማ፣ መሀል ያለነው ሁላችንም ተዳፋት ላይ ነው የምንኖረው፣ ስለዚህ ላይና ታች የሚሉት ቃላት አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ኮምፓስ ናቸው። አይነስውር የሆነች ተሳፋሪ አለችኝ፣ ሁሌ ጠዋት ስራ ቦታዋ የማደርሳት፣ ስልኳን በሚያነብላት ድምፅ ነው የምትጠቀመው፣ አንድ ቀን "አሁን ካዛንቺስ ቁልቁለቱ ላይ ነን አይደል?" አለችኝ፣ ልክ ነበረች። እንዴት አወቅሽ ስላት ወገቤ ነገረኝ አለች። የስልኳ ድምፅ በዚያን ሰአት የሚላት በ200 ሜትር ውስጥ ወደ ቀኝ ታጠፍ ብቻ ነው። እሷ እንዲነገራት የምትፈልገው ዳገቱ የት እንዳለቀ፣ አደባባዩ መቼ እንደመጣ፣ የትኛውን ቤተክርስቲያን እንዳለፈች ነው፣ ይሄን ነግራኛለች።

እና የሚያበሳጨኝ፣ መረጃው አለ እኮ። ናሳ በፈረንጆች 2000 ኢንዴቨር የተባለችውን መንኮራኩር ልኮ በ11 ቀን ውስጥ አብዛኛውን ሰው የሚኖርበትን የአለም መሬት ከፍታና ዝቅታ በራዳር ለክቷል፣ ያ መረጃ ለማንም በነፃ ክፍት ነው፣ የኛም ተራራ የኛም ሸለቆ እዛ ውስጥ አለ። ማፖቹም ተራራውን በጥላ ያሳያሉ፣ በብስክሌት ለሚሄድ ዳገቱን በመስመር ይስላሉ። ስለዚህ ካርታው የትኛው መንገድ ዳገት እንደሆነ ያውቃል፣ ረዳቱም ከፍ በል የሚለውን ቃል በትክክል ይጽፋል፣ ሁለቱን ያገናኘ ሰው ብቻ ነው የጠፋው። ከአቦ ከፍ በል ማለት ከዚህ ነጥብ ጀምረህ ከፍታ በሚጨምርበት መንገድ ሂድ ማለት ነው፣ ለኮምፒውተር ይሄ ከባድ ሂሳብ አይመስለኝም።

የአጎቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ እሱም ሾፌር ነው፣ በቀደም ስናወራ አንድ ነገር ነገረኝ። ጉግል በኖቬምበር 2025 ጀሚናይ የሚባለውን የራሱን ሰው ሰራሽ አስተውሎት ማፕ ውስጥ አስገብቶ አሜሪካ ላይ በምልክት መንገድ መንገር ጀምሯል፣ ማለት በ150 ሜትር ውስጥ ታጠፍ ከማለት ይልቅ እንትን ሬስቶራንቱን እንዳለፍክ ወደ ቀኝ ታጠፍ ይላል፣ 250 ሚሊዮን ቦታዎችን ከመንገድ ፎቶ ጋር እያስተያየ ከመንገድ ላይ የሚታየውን መርጦ ነው አሉ። በጣም ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። የኛ እናቶች ድሮም የሚሉት ይሄን ነው። ይሄ ነገር ከኛ በላይ የሚያስፈልገው ከተማ ያለ አይመስለኝም፣ እዛ መንገዱ ሁሉ ስምና ቁጥር ተለጥፎበት አሁን ምልክት ተጨመረለት፣ እዚህ ግን ያለን ምልክቱ ብቻ ነው።

እዚህ ቢመጣ አንድ ፈተና ይኖረዋል። ምልክቶቻችን እየተነሱ ነው። በኛ አቆጣጠር በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያ ሄደ፣ ቀጥሎ ካዛንቺስ፣ ኮሪደሩ ያለፈበት ሁሉ። መንገዱ ሰፍቷል አምሯል፣ ግን ድሮ ወደ ግራ የምንታጠፍበት ተዘግቶ መዞሪያው ርቆ ሄዷል፣ ማፑም እስኪያውቀው ድረስ ታጠፍ ታጠፍ ይለኛል። ሰውም እስከዛሬ ዶሮ ማነቂያ ጋ አውርደኝ ይለኛል፣ እኔም አወርደዋለሁ፣ የት እንደሆነ ስለማውቅ። ካርታ ላይ ህንጻ ሲፈርስ ስሙም አብሮ ይጠፋል፣ ሰው አፍ ላይ ግን ይቆያል። የድሮ ስምን የሚያስታውስ ካርታ ያስፈልገናል።

ስለ ዳታ በአጭሩ፣ የድምፅ ትእዛዙን በአብዛኛው የሚሰማው እኔ ጋ ያለው ስልክ ሳይሆን ሩቅ ያለ ሰርቨር ነው፣ ስለዚህ ኔትወርክ ሲደክም ይደነቁራል። ካርታውን አስቀድማችሁ ካወረዳችሁ መንገድ መንገሩን ያለ ኔትወርክ ይቀጥላል፣ አዲስ ትእዛዝ ግን አይቀበልም። ባትሪም ይበላል፣ ቻርጀር ሳትሰኩ አትሞክሩት።

እኔ አሁን እንዴት እየሰራሁበት እንደሆነ ልንገራችሁ። ብዙ ጊዜ የምሄድባቸውን ወደ ስልሳ የሚሆኑ ቦታዎች ቤቴ ቁጭ ብዬ ፒን ጥዬ ሴቭ አድርጌያቸዋለሁ፣ ስም የሰጠኋቸው ግን ስልኩ በማይሳሳትበት ቃል ነው፣ ለሃያ ሁለት ማንጎ ብዬዋለሁ፣ ለአራት ኪሎ አንበሳ፣ በእንግሊዝኛ። ብዙ ጊዜ ይሰራል። መጀመሪያ ላይ የሰፈሬን ስም በፍራፍሬ መጥራት ደስ አላለኝም፣ አሁንም ደስ አይለኝም፣ ግን ጎሮ ላይ ያየሁትን ልጅ ሳስብ እለዋለሁ። ለአዲስ ቦታ ደንበኛው ሎኬሽን በቴሌግራም እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ፣ ቆሜ እከፍተዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በድምፅ። እናቶችን ግን ደውዬ ነው የምሰማቸው፣ ከነሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ሌላው ማታ ማታ የምሰራው ነገር አለ። ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለውን ታውቁታላችሁ? በፈረንጆች 2004 እንግሊዝ ሀገር የተጀመረ፣ እንደ ዊኪፔዲያ ማንም ገብቶ የሚያርመው ካርታ ነው፣ ያለ ኔትወርክ የሚሰሩት እንደ ኦርጋኒክ ማፕስ ያሉት አፖች መረጃቸው ከዚያ ነው። እዛ ላይ አንድ ቦታ በየቋንቋው ስም ማስገቢያ አለው፣ ለአማርኛም የራሱ ሳጥን አለ፣ የድሮ ስም ማስገቢያም አለ፣ ሰው የሚጠራበትን ተለዋጭ ስም ማስገቢያም አለ። ባዶውን ሳጥን እያገኘሁ እሞላለሁ፣ የማውቀውን ብቻ፣ በእግሬ የረገጥኩትን፣ ከሌላ ካርታ አልገለብጥም ክልክል ነው። መገናኛ ዙሪያን፣ ገርጂን፣ የቦሌ ሚካኤልን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ጨርሻለሁ፣ አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ላይ ነኝ የብሎክ ቁጥሮቹን እያስገባሁ። የፈረንሳይዋን እናት ወፍጮ ቤትም አስገብቻለሁ፣ ቀን ተመልሼ ሄጄ አሁን ምን እንደሆነ ካየሁ በኋላ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ በእንግሊዝኛ ለማዘዝ ከአስር ስምንት፣ አማርኛ መስማት ላይ ሰባት፣ የኛን ቦታ ማግኘት ላይ ሶስት፣ ስማችንን መጥራት ላይ ሁለት። ሁለት ብቻ የሰጠሁት ስለ ቄራ ብዬ ነው፣ የተወለድኩበት ነው።

ጀሞ ወይ ለቡ የምትኖሩ ካላችሁ ሰው ሰፈራችሁን ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ከምን ከፍ ብሎ ከምን ዝቅ ብሎ እንደሆነ ከታች ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ከስራ በፊት መጥቼ አይቼ አስገባዋለሁ። ሃያ ሁለት ስትሉት ያለ ማንጎ የሚሰማችሁ ስልክ ያለውም ሰው ካለ ሞዴሉን ይንገረኝ።